የምትንጠባጠበው መጋጠሚያ

ጭሮ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት። ራሴ ከገጣጠምኩት የውሃ ማጣሪያ ሥር ያኖርኩት ጣሳ ዛሬም ሞልቷል። በባጃጅ በጀሪካን ያስመጣሁት ውሃ ስለሆነ እያንዳንዷ ጠብታ ታንገበግበኛለች።

መጀመሪያ የቱቦው መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን ጠቀለልኩ፤ ስህተት ነበር። ቴፍሎን የሚሠራው ተጠምዝዞ ለሚገባ መጋጠሚያ ነው። ይሄኛው ተገፍቶ ብቻ የሚገባ ነው፦ ውስጡ ቱቦውን ነክሰው የሚይዙ የብረት ጥርሶች፣ ከኋላቸው ደግሞ ውሃውን የሚያግድ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለ። ቱቦውን የቆረጥኩት በሽንኩርት ቢላዋ ነበር። ጫፉን ወደ አምፖሉ ሳስጠጋው ሰያፍ ነው፤ ጎኑ ላይም ፀጉር የምታክል ጭረት አለች። ለካ ውሃው በእሷ ነው የሚሾልከው!

ፓምፑን አጠፋሁ፣ ግፊቱን አስተነፈስኩ፣ የመጋጠሚያውን አንገት ተጭኜ ቱቦውን ሳብኩት። 2 ሳንቲ ሜትር ያህል በአዲስ ምላጭ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩና እስከ መጨረሻው ገፋሁት። መልሼ ሳብ አደረግኩት፤ ያዘ።

 

ሂርናና ገለምሶ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ማጣሪያ ልትገጥሙ ካሰባችሁ ምላጭ አትርሱ። የኔ ጣሳ እስካሁን ደረቅ ነው።