የሐምሌ 21 ቀጠሮ

የዕለት ሥራዬ ቀን መቁጠር ነው። ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ገንዘብ ውል ስሞላ፣ ገንዘቡ የሚመለስበትን ቀን እጽፋለሁ፤ ደንበኛውም ያን ቀን እንደሚደርስበት ሳይጠራጠር ይፈርማል። በልቤ የያዝኩት ቀን ግን አንድ ነው፦ ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም.። ዓመቱን ያወረሰኝ አባቴ ነው፤ ቀኑን ከመጻሕፍት አገኘሁት።

አባቴ በ1978 ዓ.ም. የገጠር መምህር ነበር። በመጋቢት ወር ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የሃሌይን ጅራታም ኮከብ አየ። «እንደ ጭስ የደበዘዘች ነበረች» ይለኝ ነበር። «ሰዉ ጦርና ረሀብ ታመጣለች ብሎ ፈራት። ጦሩም ረሀቡም ግን ቀድመዋት ገብተው ነበር።» ወሬውንም ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይዘጋው ነበር፦ «በ2053 ትመለሳለች፤ አንተ ታይልኛለህ።»

ኤድመንድ ሃሌይ እንግሊዛዊ የከዋክብት ተመራማሪ ነው። ኮከቧን በ1682 እ.ኤ.አ. በዐይኑ አይቷታል። ኋላም የኒውተንን የስበት ሕግ ይዞ የቆዩ መዛግብትን ሲመረምር፣ በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩት ጅራታም ኮከቦች መንገዳቸው አንድ ሆኖ አገኘው። ሦስት እንግዶች አልነበሩም፤ በየ76 ዓመቱ ገደማ የምትመላለስ አንዲት ነበረች። በ1705 ባሳተመው ጽሑፍም በ1758 እንደምትመለስ ተነበየ። ያን ቀን ለማየት ከመቶ ዓመት በላይ መኖር ነበረበት፤ ይህንንም ያውቅ ነበር። እኔ ግጥም ጽፌ በማግሥቱ አንባቢ ካጣሁ የምተክዝ ሰው ነኝና፣ ይህ ድፍረቱ ያስቀናኛል።

ሃሌይ በ1742 አረፈ። ቀጠሮውን ሌሎች ጠበቁለት። ክሌሮ፣ ላላንድና ኒኮል-ሬን ሌፖት የተባለች ሴት በፓሪስ ለወራት አስልተው፣ ጁፒተርና ሳተርን በስበታቸው እንደሚያዘገዩአት፣ ፀሐይን በቅርብ የምታልፈውም በኤፕሪል 1759 አጋማሽ እንደሚሆን አስታወቁ። በ1758 የገና ዕለት፣ በጀርመን አገር በድሬስደን አቅራቢያ የሚኖር ፓሊች የተባለ ገበሬ በቴሌስኮፑ አገኛት። በማርች 13 ቀን 1759 ፀሐይን አለፈች፤ ስሌቱ የሳተው በአንድ ወር ብቻ ነበር።

አባቴ ባያት ሰሞን፣ ጆቶ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርባ ፎቶግራፍ አነሣቻት። ርዝመቷ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከከሰል የጠቆረች የበረዶና የአቧራ ክምር ሆና ተገኘች። ያ ሁሉ ጅራት የሚወጣው ፀሐይ በረዶዋን ስታተነው ነው። በመጣች ቁጥር ከገላዋ ቆርሳ ትሄዳለች።

አባቴን የቀበርነው በኅዳር 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን ኮከቧ ከፀሐይ እጅግ ወደምትርቅበት ነጥብ ደረሰች፤ ርቀቱ ከምድር እስከ ፀሐይ ካለው 35 እጥፍ ነው። ፀሐይን ስታልፍ በሴኮንድ 54 ኪሎ ሜትር የምትከንፈው ኮከብ፣ እዚያ ግን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። እኛ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ ማንም ሳያያት ፊቷን ወደዚህ መለሰች።

ሐምሌ የክረምት ወር ነው። ያኔ ሰባ ዓመት ሞልቶኝ ደጄ ላይ ብቆም እንኳ፣ የአዲስ አበባ ደመና ሊከለክለኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ኮከቧ በመንገዷ ያራገፈችው አቧራ በየዓመቱ በሚያዝያ መጨረሻና በጥቅምት ምድራችንን ያገኛል፤ ተወርዋሪ ኮከብ ሆኖም ይታያል። ጥቅምት ደግሞ ሰማያችን የሚጠራበት ወር ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ የአምስት ዓመት ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ግቢ ወጣሁ። ብዙ ጠብቀን ሁለት አየን።

«ከየት መጡ?» አለችኝ።

«አያትሽ ካያት ኮከብ» አልኳት። ቀኑንም ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ደጋግማ በቃሏ ያዘችው።