ሳይሞቅ የሚታጠፍ ማግኒዚየም



ውድ እህትና ወንድሞቻችን፣ «ፕሮጀክታችሁ ምን ላይ ነው?» እያላችሁ ለጠየቃችሁን ሁሉ መልሱ ይኸው። አራት የሜካኒካል ምህንድስና ተመራቂዎች ነን፤ ርዕሳችን የማግኒዚየም ላሜራ ነው።

አንድ ኩብ ሴንቲሜትር ማግኒዚየም 1.74 ግራም ይመዝናል፤ አሉሚኒየም 2.7፣ ብረት ደግሞ 7.87 ግራም። መኪና በቀለለ ቁጥር ነዳጅ ወይም ባትሪ ይቆጥባል። ታዲያ ከማግኒዚየም ላሜራ የተሠራ የመኪና አካል ብዙም የማናየው ለምንድን ነው? ኤዜድ31 የሚባለውን፣ 3 በመቶ አሉሚኒየምና 1 በመቶ ዚንክ ያለበትን ላሜራ ሳናሞቅ ስናጥፈው መልሱን በዓይናችን አየን፤ መታጠፊያው ላይ ተሰነጠቀ። ዲፌንስ ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶት ስለነበር፣ ከመካከላችን «ወደ አሉሚኒየም እንቀይረው» ያለም ነበር። ተነጋገርንና መጀመሪያ ለምን እንደተሰነጠቀ ለማወቅ ተስማማን።

የማግኒዚየም አቶሞች በባለ ስድስት ጎን ቅርጽ የተደረደሩ ናቸው። በክፍል ሙቀት በቀላሉ የሚንሸራተቱት በአንድ ገጽ፣ በመሠረቱ ላይ ብቻ ነው። ብረታ ብረት የተፈለገውን ቅርጽ ሁሉ እንዲይዝ አምስት ራሳቸውን የቻሉ የመንሸራተቻ መንገዶች ያስፈልጉታል፤ ይህ ገጽ የሚሰጠው ሁለት ነው። በዚያ ላይ ላሜራው በሮለር ሲዳመጥ አብዛኞቹ ክሪስታሎች መሠረታቸውን ከላሜራው ገጽ ጋር አስተካክለው ይተኛሉ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ስለተኙ ላሜራው መሳሳት ያቅተዋል፤ ስንጥቁ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንዱ መፍትሔ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ማሞቅ ነው፤ ያኔ ሌሎቹም መንገዶች ይከፈታሉ። ነገር ግን ሞልዱን ማሞቅ ጊዜና ኃይል ይበላል። ሁለተኛው ቅይጡን መለወጥ ነው። ከዚንክ ጋር ከ1 በመቶ ያነሰ ካልሲየም፣ ወይም እንደ ሴሪየም ያለ ንጥረ ነገር ሲጨመር፣ ከተዳመጠና በሙቀት ከለሰለሰ በኋላ ክሪስታሎቹ ወደተለያየ አቅጣጫ ያዘነብላሉ፤ ላሜራውም ሳይሞቅ የተሻለ ይለጠጣል። እኛን የሳበን ካልሲየም ነው፤ ርካሽ ነውና።

አዲስ ቅይጥ የምናዳምጥበት ማሽን የለንም። ስለዚህ ያለንን ላሜራ በክፍል ሙቀትና በ250 ዲግሪ እያጠፍን እያነጻጸርን ነው፤ የካልሲየሙን መንገድ ለቀጣዮቹ ተማሪዎች ጽፈን እንተዋለን። ርዕሳችንን አልቀየርንም። ለዲፌንስ የተሰነጠቀውንም ላሜራ ይዘን እንቀርባለን፤ መጥታችሁ እዩት።