ሕግ፥ ጸጋና ማዕድ

ልጆቼ፥ በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሠረገላውንና ውኃውን የማያስታውስ የለም። ነገር ግን ብዙ አንባቢ አንዱን ቁም ነገር ሳያየው ያልፋል። ይህ ሰው ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ድረስ የሄደ ነው፤ የመንገዱን ርዝመት እስቲ አስቡት። ኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ ግን ስልብ የሆነ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል። እንግዲህ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የሄደው ባለሟል፥ በሩ ላይ ሲደርስ ሕግ የሚያቆመው ሰው ነበረ። በመልሱም ያነብ የነበረው ትንቢተ ኢሳይያስን ነው፤ ያው መጽሐፍ ጥቂት ወረድ ብሎ በ56ኛው ምዕራፍ፥ ጃንደረቦች በእግዚአብሔር ቤት ስፍራ እንደሚያገኙ ይናገራል። ከመጠመቅ የሚያግደው ነገር እንዳለ ፊልጶስን መጠየቁ ስለዚህ አያስደንቅም፤ መታገድን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነውና። ፊልጶስም ከማመኑ በቀር ሌላ ሳይመረምርበት አጠመቀው። የዛሬ ሊቃውንት የህንደኬ መንግሥት በኑብያ የነበረው ሜሮዌ ነው ይላሉ፤ አባቶቻችን ደግሞ የራሳችን አድርገው ይዘውታል። ለያዝነው ነገር ግን ይህ ለውጥ አያመጣም።

በምድረ በዳ እንዲህ ቀላል የነበረው ነገር በከተማ ጠብ ሆነ። በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን የሆኑ ብዙ ሰዎች ባመኑ ጊዜ፥ ከይሁዳ የመጡ አንዳንዶች ካልተገረዛችሁ አትድኑም እያሉ ያስተምሩ ጀመር። ስለዚህም በ50 ዓመተ ምሕረት ገደማ ሐዋርያትና ቀሳውስት በኢየሩሳሌም ተሰበሰቡ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ጴጥሮስ፥ እኛም አባቶቻችንም ያልቻልነውን ቀንበር በሌላው ጫንቃ ላይ አንጫን ብሎ ተከራከረ፤ ያዕቆብም ፈረደ። አሕዛብ እንዲገረዙ አልታዘዙም፤ ለጣዖት ከተሠዋ፥ ከደም፥ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት እንዲርቁ ብቻ ተጻፈላቸው። ከአራቱ ሦስቱ የመብል ነገር መሆናቸውን ልብ በሉ። ለእኔ እንደሚመስለኝ፥ ይህ የታዘዘው ነፍስን ለማዳን ሳይሆን ሁለቱ ወገኖች ባንድ ገበታ ለመቀመጥ እንዲችሉ ነው።

ስለ ገበታ ካነሣን፥ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የጻፈውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ፈርቶ ራሱን ለየ። ጳውሎስ ይህን አይቶ በሰው ሁሉ ፊት ተቃወመው። ጴጥሮስ በዚያ ቀን አንዲት የሐሰት ትምህርት አላስተማረም፤ በጉባኤም ቢጠየቅ መልሱን አሳምሮ ያውቀው ነበር። ያደረገው ነገር ቢኖር ከማዕድ መነሣት ነው። ጳውሎስ ግን ወንጌሉ የተጎዳው በዚያ መነሣት እንደ ሆነ ተረዳ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ልጃቸውን በስምንተኛው ቀን ይገርዛሉ፤ ቀዳሚት ሰንበትን ያከብራሉ፤ የእሪያ ሥጋ አይበሉም። የቀዳሚት ነገርማ በራሳችን መካከል ስንት ስደት አምጥቷል! አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ እርሷ ከአገር ወጥተው በ1352 በአርመን አርፈዋል፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ከክህነት ተከልክለው ብዙ ዘመን ከቆዩ በኋላ፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ይህን ሁሉ ያዩ የውጭ ሰዎች፥ እነዚህ ሰዎች ክርስቲያን ነን ቢሉም በኦሪት የሚኖሩ አይሁድ ናቸው አሉን። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ጸጋ የሚለውን ቃል በየማለዳው እሰማ ነበር። ስለ ጸጋ ከተጻፉት ጽሑፎች አንዱ የራሳችን ንጉሥ መሆኑን የተረዳሁት ግን ራሴ መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው።

አስቀድሞ የፍሎሬንስ ጉባኤ ነገር ይቅደም። በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በዚያ ተገኝተው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1442 የሮማው ጳጳስ ለግብጻውያን ክርስቲያኖች ባወጣው ውሳኔ፥ ግዝረት ከጥምቀት በፊትም ሆነ በኋላ እንዳይደረግ አዘዘ። ምክንያቱን ሲገልጥም፥ ሰው ተስፋውን በግዝረት ላይ ቢጥልም ባይጥልም፥ ይህን እየፈጸመ የዘላለም ደኅንነትን ሊያገኝ አይችልም የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ይህችን ነገር ቀስ ብላችሁ መርምሯት። ከይሁዳ የመጡት ሰዎች ካልተገረዛችሁ አትድኑም ብለው ነበር፤ ከ1400 ዓመት በኋላ የመጣው ትእዛዝ ደግሞ ከተገረዛችሁ አትድኑም አለ። አነጋገሩ ተገለበጠ እንጂ፥ መዳኑ ያው በቢላዋው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ዐፄ ገላውዴዎስ በ1540 በዐሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜው ገደማ ሲነግሥ አገሩ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጥላ ነበር። በ1541 ክሪስቶፎሮ ደ ጋማ 400 የሚያህሉ ፖርቱጋሎች ይዞ መጣ፤ እርሱም በዚህ አገር ሞተ፤ የተረፉት ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ሆነው በ1543 ጦርነቱ አከተመ። ከዚህም የተነሣ ንጉሡ ለፖርቱጋሎች ውለታ ነበረበት። በ1555 ጎንሳሎ ሮድሪጌስ የተባለ ኢየሱሳዊ መጥቶ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ስሕተት ነው ያለውን ቆጥሮ ጽፎ ሰጠው። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ በውለታው ተሸንፎ እሺ ይላል፥ ወይም ተቆጥቶ መልእክተኛውን ያባርራል። ገላውዴዎስ ግን ተቀመጠና በዚያው ዓመት በግዕዝ አጭር የሃይማኖት መግለጫ ጻፈ።

መልሱም ይህን የመሰለ ነው። የምንገረዘው እንደ አይሁድ አይደለም፤ የአገር ልማድ ነው እንጂ፤ በኢትዮጵያና በኑብያ ፊት እንደሚበጣ፥ በሕንድም ጆሮ እንደሚበሳ ያለ ነው፤ የጳውሎስን ትምህርት እናውቃለንና። ቀዳሚትንም እንደ አይሁድ ውኃ ሳንቀዳ፥ እሳት ሳናነድ፥ ከቤት ወደ ቤት ሳንሄድ የምንውልባት አይደለም፤ ቁርባን እናሳርግባታለን፥ ማዕድም እናደርግባታለን። ስለ እሪያ ሥጋ ደግሞ፥ የሚበላውን አንጠላውም፥ የማይበላውን እንዲበላ አናስገድደውም ይላል፤ ለዚህም ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈውን ይጠቅሳል። ልማዱን አልተወም፤ ነገር ግን ልማዱ ያድነኛል አላለም። ያን የሚለየውን ሰው ከማዕዱ አላስነሣም። ሰው ተስፋውን በምን ላይ ጥሏል የሚለው ጥያቄ በፍሎሬንሱ ውሳኔ ዋጋ የለውም፤ በገላውዴዎስ ዘንድ ግን ነገሩ ሁሉ እርሱ ነው። የተማረ ልጅ ሁሉ ይህን ጽሑፍ ፈልጎ ቢያነበው ይጠቀማል፤ ርዝመቱ ጥቂት ገጽ ነው።

ገላውዴዎስ በ1559 በሰሙነ ሕማማት፥ እዚሁ ጎረቤታችን ከሆነችው ከሐረር ከተነሣው ከአሚር ኑር ሠራዊት ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ከሞቱም በኋላ እርሱ የፈራው ነገር ደረሰ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀበለ፤ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ በ1625 መጣ። ካህናት ዳግመኛ ይካኑ፥ ሕዝብ ዳግመኛ ይጠመቅ፥ ግዝረትና ቀዳሚት ይቅሩ ተባለ። እናንተ በሕግ ቀንበር ሥር ናችሁ ብለው የመጡ ሰዎች፥ ነፃነቱን ራሱን በዐዋጅና በወታደር ጫኑት። ገበሬው ተነሣ፤ የወንድማማች ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ሱስንዮስ በሺህ የሚቆጠር የገዛ ሕዝቡ በአንድ ቀን ውጊያ ወድቆ ካየ በኋላ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጆ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

ልጆቼ፥ ይህን የቆየ ነገር የማነሣው በየቤታችን ስለማየው ነው። ሕግ ያጠበቀባቸው ሰዎች በሙሉ ጾመኞች ናቸው የሚል ሰው ተሳስቷል። የእናቴን ዓይነት ጾም የምትጾም ሴት አውቃለሁ፤ ያልጾመውን ጎረቤቷን አንድ ቀን ስታማ አልሰማኋትም። መዝሙሩ ሁሉ ስለ ጸጋ የሆነ ሰው ደግሞ አውቃለሁ፤ ቀሚስና ጠጉር ሲለካ የሚውል ነው።

ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዋሂል ሳስተምር ሰዉ የሚበዛው ሙስሊም ነበረ፤ እኛ ጥቂት መምህራን ክርስቲያን ነበርን። ሠርግ ሲሆን ባለቤቱ አንድ ፍየል ከነነፍሱ ለይቶ ይሰጠናል። በራሳችን ቢላዋ አርደን፥ ለብቻ በተጣደ ድስት ሠርተን፥ ዳሱ ውስጥ ከሁሉም ጋር እንቀመጣለን። እነርሱ የእኛን ሥጋ አይቀምሱም፥ እኛም የእነርሱን። ግን ያ ሽማግሌ ፍየሏን በገመድ እየጎተተ ሲያመጣልን እንደ ተናቀ ሰው የተቆጠረ ማንም አልነበረም። ይህን ከሃይማኖት ትምህርት ጋር ላደባልቀው አልፈልግም፤ ነገር ግን የገላውዴዎስን ቃል ባነበብሁ ቁጥር ያ ፍየል ትዝ ይለኛል።

በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደ ቤቴ መጣ። ከጥቂት ዓመት በፊት ወንጌላዊ ሆኗል። አባቱ ሞቶ እናቱ የአርባውን ተዝካር እያሰናዳች ነበረ።

«ጋሼ፥ እኔ በጸጋ የዳንኩ ነኝ፤ ከዚያ ተዝካር አልቀምስም፤ ዳሱም ውስጥ አልገባም» አለኝ።

«ብትቀምስ ትኰነናለህ?» አልሁት።

ዝም አለ።

«እንግዲያው የዳንከው ባለመቅመስህ ነው ማለት ነው?»

ተቆጣ፤ ከዚያም አለቀሰ። የአባቱ ወንድም ደግሞ፥ ካልበላ የአባቱ ልጅ አይደለም ብሎ በዘመድ ሁሉ ፊት እንደ ተናገረ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ሁለት ሕግ ሠሪዎች ባንድ ቤት ውስጥ ተገናኝተው ነበርና፥ በመካከል የምትሰቃየው እናቲቱ ነበረች። ወደ አጎትየውም ሄጄ ተነጋገርሁ፤ እርሳቸው ከልጁ ይልቅ አስቸገሩኝ። ልጁን ግን፥ ኅሊናህ ካልፈቀደ አትብላ፥ ማንም ሊያስገድድህ አይገባም፤ ነገር ግን ከዳሱ አትቅር አልሁት።

በአርባው ቀን ማልዶ መጣ። ከተዝካሩ አልበላም። ጆግና መታጠቢያውን ይዞ፥ ፎጣውን በትከሻው ጣል አድርጎ፥ ካህናቱንም ዘመዱንም፥ አጎትየውንም ጭምር፥ እጅ ሲያስታጥብ ዋለ።