«እማማ፣ ላንሳዎት?»

ፎቶግራፍ የምትማረው የእህቴ ልጅ ኤግዚቢሽን አያመልጣትም። ስድስት ኪሎ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ስትገባ፣ ሠዓሊው ብርሃኑን ከየት እንዳመጣው ሳታውቅ ከሥዕሉ ፊት አትነሣም። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመረችው የፎቶግራፍ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ሲደርስማ እንደ ዓመት በዓል ነበር የምትጠብቀው።

እኔ ግን ይበልጥ የምወድላት የጥምቀት ዕለት ነው። ጃንሜዳ ላይ ካሜራው ሁሉ ወደ ታቦታቱ ሲዞር፣ እሷ ጠበል ለመረጨት ተጋፍተው የቆሙትን እናቶች ትፈልጋለች። ጎንበስ ብላ ሰላም ትላቸዋለች፤ «እማማ፣ ላንሳዎት?» ትላለች። እሺ ካላሏት አታነሣም። ይሄ ለእኔ ከየትኛውም የሌንስ ዕውቀት ይበልጣል። አምና አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «አሳጥበሽ ታመጪልኛለሽ?» አሏት። በሳምንቱ አሳጥባ ቤታቸው ድረስ ወሰደችላቸው።