ፍየሏ የየትኛው ምድብ ናት?

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወርደው ሚኒባስ ገና በማለዳ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊቴ የተቀመጡት ሦስት ሴቶች ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፈው ታቅፈዋል። እኔ ባለ ካሬ ደብተር፣ ሁለት እርሳስና አንዲት የእጅ ሚዛን ይዣለሁ። የንግድ ስታቲስቲክስ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት "የመረጃ አሰባሰብና አመዳደብ" የሚለውን ምዕራፍ በሁለት ክፍለ ጊዜ ነበር የምጨርሰው። ምልከታ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የጽሑፍ መጠይቅ፣ ከተቀመጠ ሰነድ መውሰድ ብዬ ሰሌዳ ላይ አራት መስመር እጽፍና ወደ አማካይ ስሌት እሮጣለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያ ምዕራፍ ይቆጨኛል። ሰኞን ጠብቄ ባቲ የወረድኩትም ለዚሁ ነው።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል። ገበያው እየደራ ነው። አፋሩ ግመልና ፍየል እየነዳ ከቆላ ይመጣል፤ ደገኛው እህልና አትክልት ጭኖ ይወርዳል። አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ድርድር ውስጥ ሲቀላቀሉ ይሰማል።

ከሽንኩርት ጀመርኩ። መሬት ላይ ማዳበሪያ ዘርግታ ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ የከመረች ወጣት ዋጋ ብጠይቃት "ለእርስዎ ስንት ልበል፣ ጋሼ?" አለችና ጠራችልኝ። መዘገብኩ። ገና እርሳሴን ሳላነሳ አንዲት ደንበኛዋ መጥታ ያንኑ መደብ አስቀንሳ ገዛች፤ በላዩ ሁለት ራስ ሽንኩርት ምርቃት ተጨመረላት። እንግዲህ የቱ ነው ዋጋው? የተጠራው፣ የተከፈለው ወይስ ምርቃቱ የታሰበበት? ለስታቲስቲክስ የሚፈለገው ሰው ከኪሱ አውጥቶ የከፈለው ነው። እኔ ጠይቄ የጻፍኩት የፀጉረ ልውጥ ዋጋ ነበር። ሰረዝኩት። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ትቼ ከጎኗ ካለው ጨው ሻጭ ዘንድ ቆሜ መመልከት ያዝኩ። ምልከታ እግር ያደነዝዛል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የያዝኩት 11 ሽያጭ ብቻ ነው። ግን የምጽፈውን አምነዋለሁ።

ከቀትር በኋላ ተመልሼ አየኋት። የመደቡ ዋጋ ንቅንቅ አላለም። መደቡ ግን ሌላ ሆኗል፤ ጠዋት ስድስት ራስ የነበረው አሁን ዘጠኝ ነው፣ ያውም ደቃቁና የጠወለገው። ዋጋ ሰብሳቢ ሚዛን ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው። "መደብ" ብሎ ብቻ የመዘገበ ሰው ቀኑን ሙሉ ምንም አልተለወጠም ብሎ ይሄዳል። ማሽላ ተራም እንዲሁ ነው። ጣሳ ሁሉ ጣሳ ይመስላል፣ አንዱ ግን ቂጡ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጧል፤ አንዷ ሻጭ ከምራ ትሰፍራለች፣ ሌላዋ በእጇ ጠርጋ።

ስንቱን ሻጭ ልይ የሚለውም አለ። መጀመሪያ ያየኋቸው ከመኪናው መንገድ ዳር ዳስ የጣሉትን ነበር፣ ጥላ ስለነበረ። ስንፍና ናሙና ሲመርጥ ይኸው ነው። ከዳር ተነስቼ በየአምስተኛው ሻጭ ስቆም ግን ፀሐይ ላይ ከተቀመጡት፣ ሁለት ቁና ብቻ ይዘው ከመጡት ሴቶች ጋር ተገናኘሁ። እነሱ ቶሎ ሸጠው መሄድ ይፈልጋሉ፤ ዋጋቸውም ያንን ይመስላል።

የቀን ሽያጩን የጠየቅኩት አንድ እህል ነጋዴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና "ከገቢዎች ነው የመጡት?" አለኝ። አይፈረድበትም። ስለዚህ ዙሪያውን መሄድ ነው፤ ስንት ኩንታል ይዘው መጡ፣ አሁን ስንት ቀረ? ይህን ያለ ክፋት ነገረኝ፤ መቀነሱ የእኔ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የወጣትነቴ ነገር ትዝ አለኝ። ለአንድ ድርጅት የሱቆችን ሽያጭ እንድንሰበስብ ተቀጥረን ሳለ፣ አንድ ጓደኛችን ሻይ ቤት ተቀምጦ መጠይቁን በሙሉ ራሱ ሞላው። የተያዘው በጥንቃቄው ነው። ባለሱቅ ሲጠየቅ "አምስት መቶ ገደማ፣ ሺህ ይሆናል" ይላል። የእሱ ባለሱቆች ግን 1,237 ሸጠዋል። በሕዝብ ቆጠራም ቢሆን ዕድሜ የሚከመረው በ0ና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ነው፤ ከሰው አፍ የወጣ ቁጥር ድብልብል ይላል።

ከብት ተራ ቡና አፍልታ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀምጬ ደብተሬን በምድብ በምድብ መክፈል ጀመርኩ። የሸማቾች ዋጋ የሚደራጀው የተባበሩት መንግሥታት ባወጣው የፍጆታ አመዳደብ ነው፤ የሚመድበውም ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የተገዛበትን ዓላማም አይቶ ነው። ሴትዮዋ ጠዋት ቤቷ ልታፈላው የገዛችው ጥሬ ቡና ምድብ 1 ውስጥ ይገባል፣ ከምግብና አልኮል ከሌላቸው መጠጦች ጋር። ያው ቡና ተቆልቶ በስኒ ሲሸጥልኝ ምድብ 11 ነው፣ ከምግብ ቤትና ከሆቴል አገልግሎት ጎን። ከጀበናው ሥር ያለው ከሰል ለቤት ሲገዛ ምድብ 4፣ ከቤት ኪራይና ከመብራት ጋር። ሦስት ስኒ እስክጠጣ ሰንጠረዡ አማረልኝ።

ያበላሸችው ፍየል ናት። ለእርድ የተገዛ እንስሳ ምድብ 1 ነው፣ ሥጋ ካለበት። ለማርባት ከተገዛ ግን ፍጆታ አይደለም፤ ከሸማች ዝርዝር ጭራሽ ይወጣል። ከደላላ ጋር ሲጨቃጨቁ ቆይተው አንዲት ነጭ እንስት ፍየል የገዙ እናት ከጎኔ አረፍ አሉ።

"ለምን ገዟት፣ እማማ?"

"ለዓረፋ ነው ብዬ ነበር።" የፍየሏን ሆድ ዳበሱ። "ከወለደች ግን ማን ጨክኖ ያርዳታል?"

ሁለቱን ዓምዶች በለየው መስመር ላይ፣ በእርሳስ፣ አንድ ሰረዝ ጣልኩ።

ማታ ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ እኒያው እናት ከኋላዬ ተሳፍረዋል። ፍየሏ ጣራ ላይ ከማዳበሪያቸው አጠገብ ታስራለች። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ እጁን ዘረጋ።

"የፍየሏ ለብቻ ነው፣ እማማ። ዕቃ ናት።"

"ዕቃ ከሆነች ለዕቃ ከፍያለሁ። ማዳበሪያው ዕቃ አይደለም እንዴ?"

ልጁ ትንሽ አሰበ።

"እንግዲያው የሰው ይክፈሉላት።"