ወደ የትኛው ዓመት?

አይቢኤም በአንድ ወቅት ጠመንጃ ይሠራ እንደነበር ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥለው ስልካቸውን አውጥተው ያጣራሉ። እውነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የሒሳብና የፓንች ካርድ ማሽን የሚያመርተው ይሄ ኩባንያ ኒውዮርክ ግዛት ፖኪፕሲ ውስጥ 346,500 ገደማ ኤም ዋን ካርባይን ሠርቶ ለአሜሪካ ጦር አስረክቧል። ብቻውንም አልነበረም። ታይፕራይተር የሚሠራው አንደርውድ፣ ሳንቲም ሲጎርስ ሙዚቃ የሚያጫውተውን ጁክቦክስ የሚሠራው ሮክ ኦላ፣ የጀነራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ኢንላንድ፣ ሌሎችም ነበሩበት። አሥር ዋና አምራቾች ተጋግዘው ከ6 ሚሊዮን በላይ ካርባይን አወጡ።

ከእነዚያ አንዱ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ እኔ ቤት፣ ቁልፍ ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ፋብሪካው የአይቢኤም ነው። ወደዚህ የመጣው ግን ከኢትዮጵያ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ካርባይኑ የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሆን፣ የታሰበውም ዋና ሥራው ተኩስ ላልሆነ ወታደር ነበር፦ ለሾፌር፣ ለሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ለመድፈኛ፣ ለመኮንን። ክብደቱ 2.4 ኪሎ ገደማ ነው። ግማሽ አውቶማቲክ ነው፤ ማለትም ምላጩ አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ የሚቀጥለውን ጥይት ራሱ ያጎርሳል። የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ የተዋጋው በአሜሪካ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሁለቱ አገሮች የመከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ለኢትዮጵያ ጦር ዋናዋ አቅራቢ አሜሪካ ነበረች። ያ ሁሉ መሣሪያ አርጅቶ፣ ከአገልግሎት ወጥቶ፣ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ኖረ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነጋዴዎች የተወሰነውን ገዝተው ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች መሸጥ ጀመሩ። እኔም ፈቃድ ባለው ሻጭ በኩል፣ የሚጠየቀውን ማጣሪያ አልፌ፣ አንዱን ገዛሁ። ካርቶኑ ሲከፈት መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው፦ የደረቀ ግራሶ፣ ዝገት፣ የአፈር ቤት አቧራ።

አሮጌ ነገር ማደስ ስትጀምር የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «እንዴት» ይመስላል። አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ወደ የትኛው ዓመት?» ነው። እኛ ዴቨሎፐሮች የተበላሸ ኮድ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ስንመልስ የምንመልሰው ወደ አንድ ወደታወቀ ቀን ነው። ጠመንጃም እንደዚያው ነው። ማደስ ማለት አንድ ቀን መርጦ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ መሰረዝ ነው።

ለሰብሳቢዎች መልሱ ግልጽ ነው፦ ፋብሪካውን የለቀቀበት ቀን። የካርባይን ትንንሽ ክፍሎች አብዛኞቹ የሠሪያቸው ምልክት አለባቸው። የእኔው አካሉ አይቢኤም ነው፤ አፈሙዙ የአንደርውድ ሆኖ 8-43 የሚል የወርና የዓመት ምልክት አለው፤ ቦልቱ የሮክ ኦላ፣ የምላጩ ቤት የኢንላንድ ነው። መንደራችን አቅራቢያ ያሉ አንድ አረጋዊ ጠመንጃ ጠጋኝ ገልብጠው ካዩት በኋላ ምክራቸውን ሰጡኝ። «ሁሉንም በአይቢኤም ክፍል ቀይር። ይሄንን እንጨት ደግሞ ጣለው። ዋጋው እጥፍ ይሆናል።»

የሚገርመው ግን፣ ያ «ንጹሕ» የሚባለው ቀን ራሱ ንጹሕ አልነበረም። አምራቾቹ ሲዋዋሉ የአንዱ ክፍል ከሌላው ጋር እንዲገጥም ግዴታ ነበረባቸው። አንዱ አፈሙዝ ሲያጥረው ከሌላው ይላክለት ነበር፤ ይሄንን የሚያስተባብር ኮሚቴ ሁሉ ተቋቁሞ ነበር። አይቢኤም ፋብሪካ ውስጥ የአንደርውድ አፈሙዝ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የጦሩ የጥገና ማዕከሎች ሺዎቹን ፈትተው፣ አጥበው፣ የማን ክፍል የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ መልሰው ገጠሟቸው። መቼም ድብልቅ ሆኖ የተወለደን ነገር «ወደ ዘሩ እንመልሰው» ማለት እኛ አገር የታወቀ በሽታ ነው፤ እዚህም አለ።

ጣለው የተባልኩት እንጨት ግን ሌላ ታሪክ አለው። የዎልነት እንጨት ነው፤ የሰደፉ አንገት ላይ፣ እጅ በሚጨብጠው ቦታ፣ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን አንድ ሰው ጠግኖታል። ከቀለህ ተቆርጦ የተደበደበ የሚመስል ቀጭን ናስ አንገቱን ዞሮት፣ በስድስት ትንንሽ ሚስማር ተመትቷል። የሚስማሮቹ ጭንቅላት አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ በሞረድ በእጅ የተሞረዱ ናቸው። የናሱ ጠርዝ እጅ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በቀኝ በኩል ደግሞ በግዕዝ አኃዝ ፻፵፯ የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ይሄንን የሠራው ሰው ፋብሪካ የለውም፣ መለዋወጫም አላዘዘም። በእጁ ያለው የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ነው፤ በእሱ ጠገነ።

ያንን ሰው አስበዋለሁ። ምናልባት የጦር ግምጃ ቤት ባለሙያ ነው፤ ምናልባት የመንደር አንጥረኛ። ብረት የሚቀጠቅጥን ሰው «ቡዳ» ብሎ የሚሸሽ አገር፣ ማረሻውንም ጦሩንም የሚቀበለው ከእሱ እጅ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ ነበረው። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ስመረቅ ዘመድ ሁሉ እልል አለልኝ። ያ ናስ የታጠፈበትን መንገድ ሳይ ግን ከእኔ የተሻለ ኢንጂነር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጭነቱ የት እንደሚያርፍ ገብቶታል። አረጋዊው ጠጋኝ ራሳቸው እንጨቱን በሁለት እጃቸው ጠምዝዘው ፈተሹት። አልተነቃነቀም። «መልኩ አስቀያሚ ነው፤ ግን ይዟል» አሉኝ።

ስለዚህ እንጨቱ ቀረ። ብረቱ ላይ ግን ሥራ ነበረ። በአሸዋ ወረቀት መፈተግ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ግራጫውን የፋብሪካ ቅብም ይወስዳል፤ የተቀረጹትን ፊደሎችም ያደበዝዛል። የተጠቀምኩበት ዘዴ ቀላል ኬሚስትሪ ነው። የተፈቱትን ክፍሎች ከቅባት አጽድቼ በተጣራ ውኃ ቀቀልኳቸው። ቀዩ ዝገት ሲፈላ ወደ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ይቀየራል። ቀዩ ብረቱን እየበላ ይሄዳል፤ ጥቁሩ ተጣብቆ ይቀመጥና ዘይት ይይዛል። ከዚያ ላላ ብሎ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሳት ነው። ዝገቱን አልፋቅኩትም፣ እንዳይበላ አደረግኩት እንጂ።

ከዚያ ፒስተኑ። ካርባይኑ ጥይት ሲተኩስ ከአፈሙዙ ትንሽ ጋዝ ይሰረቅና አጭር ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ የሚሄደው ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ነው። በዚያች አጭር ምት ግን ተንሸራታቹን ክፍል መትቶ መላውን ሥራ ያስጀምራል። ይሄ ክፍል በቀላሉ ስለማይፈታ፣ የአሜሪካ ጦር ለካርባይን ጥይት ከመጀመሪያው ብረት የማያዝግ ማቀጣጠያ እንዲሠራለት አድርጓል። መፈተሻው ደስ ይላል፦ አፈሙዙን ወደ ላይና ወደ ታች ስታዘነብለው ፒስተኑ «ቂል» የሚል ድምፅ ካሰማ ጤነኛ ነው። የእኔው ዝም አለ። ለሦስት ሳምንት ያህል ዘልቆ የሚገባ ዘይት ጠብ እያደረግኩ አቆየሁት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቂል አለ።

እንጨቱን የቀባሁት የተልባ ዘይት ነው። የአሜሪካ ጦርም የሚጠቀመው እሱን ነበር፦ በእጅ ማሸት፣ ማድረቅ፣ ደግሞ ማሸት። (ለምትሞክሩት፦ የቀባችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ። ሲደርቅ ይሞቃል፣ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።) ሊጠይቀኝ የመጣው አባቴን ወደ ጋራዡ የጠራው ሽታው ነው። «ተልባ ነው እንዴ የምትቆላው?» እያለ ገባ። ጠመንጃውን ሲያይ ቆመ።

አባቴ መሣሪያ አይወድም። ለምን እንደሆነ በደንብ ነግሮን አያውቅም ነበር። በ1969 ዓ.ም. በቤት ለቤት አሰሳው ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ከቤት ተወስዶ እንዳልተመለሰ እናውቃለን፤ ከዚያ በላይ አንጠይቅም። ያን ቀን ሳይቀመጥ ብዙ ካየው በኋላ «እነዚያ ልጆች የያዙት እንዲህ ያለውን ነበር» አለኝ። «ከቀበሌ የመጡት። አንደኛውን አውቀዋለሁ፣ ሰፈራችን ነው ያደገው። ሰደፉን በሩ ላይ ነበር የመታው።»

«ይሄው ነው እያልከኝ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዓይነቱ ይሄ ነበር።»

የናሱን ጥገና አሳየሁት። በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና «ጎበዝ ነው» አለ። እጁን አላነሳም። «በምን ይሆን የተሰነጠቀው?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። እስከዚያች ቀን ድረስ ያንን ጠጋኝ ሳደንቅ፣ እንጨቱ ለምን መጠገን እንዳስፈለገው አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም ነበር። ከጭነት መኪና ወድቆ ይሆናል። በር ላይ ተመትቶም ይሆናል። የሚደነቀው እጅና የሚያስፈራው እጅ አንድ እንጨት ጨብጠዋል፤ እኔ አንዱን ጠብቄ ሌላውን ልሰርዝ አልችልም።

«ይተኩሳል?» አለኝ።

በእኔ ሙያ ያልተሞከረ ነገር ተሠራ አይባልም። ቦልቱ ሲዘጋ የሚቀረውን ክፍተት አረጋዊው ለክተውልኛል፤ ደህና ነው። የምላሹን ስፕሪንግ በአዲስ ቀይሬዋለሁ። የቀረው ተኩስ ቦታ ወስዶ መሞከር ብቻ ነበር። ያንን ነገርኩት። አባቴ አትሞክር አላለኝም። «ጠገንከው አይደል? ጥይቱ ምን ይጨምርለታል?» ብቻ አለኝ። አፈሙዙን ይዤ አዘነበልኩለት። ቂል አለ። «በቃ፣ ይሰማል» አለ።

ጥይት አልገዛሁለትም። ባልደረቦቼ ይሄንን ሲሰሙ ግማሽ ሥራ ነው ይሉኛል፤ አልከራከርም።

ጠመንጃው ግን አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። እኛ ኮድ ስንቀይር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረ እንጽፋለን፤ ይሄ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ሰው በጨለማ ይሠራል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ መዝገብ ሠራሁለት። አካሉ፣ አይቢኤም። አፈሙዙ፣ አንደርውድ፣ ነሐሴ እ.ኤ.አ. 1943። የሰደፉ አንገት፣ ስሙ ባልታወቀ ባለሙያ በናስ የተጠገነ፣ ኢትዮጵያ፣ ዓመቱ ያልታወቀ። ቀጥሎ የእኔ ሥራ፦ ዝገቱ፣ ፒስተኑ፣ ስፕሪንጉ፣ የተልባ ዘይቱ። ለአባቴ አነበብኩለት። መነጽሩን አድርጎ ራሱም ደገመውና ከናሱ መስመር በታች ያለውን ባዶ ቦታ አሳየኝ።

«እዚህ ጋ 1969 ብለህ ጻፍ» አለኝ። «ምን ብዬ?» ስለው «ምንም። ዓመቱን ብቻ» አለ።

ጻፍኩት። ወረቀቱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከጠመንጃው ጋር ሣጥኑ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ሌላ ሰው እጅ ቢገባና ያ ሰው ሊያድሰው ቢያስብ፣ መሰረዝ የሚፈልገው ምን ምን እንደሆነ አስቀድሞ ያነባል።