ሳይነገረው የወጣ

የወሎዋ ቢስቲማ ልጆች አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻና አረብ አገር ተበትነናል። የሚያገናኘን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አድሚን ሁን ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ፖለቲካ አይወራም፣ ሃይማኖት አይነካም፣ ያልተጣራ ወሬ አይለጠፍም ብዬ ጻፍኩና ፒን አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ያነበበው መሰለኝ።

ሰው ሲያጠፋ በውስጥ መስመር ማናገር ይከብደኝ ነበር። ስለዚህ «አንዳንዶቻችሁ እረፉ» ብዬ ለሁሉም እጽፋለሁ። ያጠፋው «እኔን አይደለም» ብሎ ያልፋል፤ ያላጠፋው ይከፋዋል። የአክስቴ ልጅ ሲሳደብ ደግሞ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ሰው ግን ያያል።

በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። ስልክ ተቋረጠ። ግሩፑን «እናቴን ያየ አለ?» የሚል ጥያቄ ሞላው። ሳዑዲ ያለ አንድ ልጅ አንድ ሰፈር ጠቅሶ «እዚያ ቤት ተቃጥሏል» የሚል ድምፅ በላይ በላዩ ይለጥፋል። ስንቱ ሰምቶ አለቀሰ። ተናደድኩና አንዲት ቃል ሳልነግረው አስወጣሁት። ሕግ ያስከበርኩ መስሎኝ ረክቼ ተኛሁ።

ከተሞቹ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተለቀቁ በኋላ ነው እውነቱን የሰማሁት። የልጁ እናት እዚያ ሰፈር ነበሩ። ድምፁን የሚለጥፈው «ውሸት ነው» የሚለው ሰው ፍለጋ ነበር። እኔ ደግሞ መልስ የሚጠብቅበትን በር ዘጋሁበት።

አንድ የቅሬ ዳኛ ይህን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ እኛ ሰው የምናስወጣው እንዲህ ነው?» አሉኝ። ቅሬ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው የሚቀባበሩበት ማኅበር ነው። ቀብር የቀረ ሰው መጀመሪያ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል፤ ያለ ምክንያት ከሆነ ይመከራል፣ ይቀጣል። ማስወጣት የመጨረሻው ነው፤ የወጣ ሰው ቤቱ ሐዘን ቢገባ ቀባሪ አያገኝምና። ያም ሆኖ ሽማግሌ ልኮ፣ ቅጣቱን ከፍሎ ይመለሳል። ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት፤ አድሚን ስሆን ረሳሁት።

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንኳ ማኅበራዊ ሚዲያዎችን የሚያዘው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሱ ነው። እኔም አሁን ጽሑፉን ቶሎ አነሳለሁ፤ ሰውየውን ግን በውስጥ አናግረዋለሁ፦ ይህን ለጠፍክ፣ በዚህ ምክንያት አነሳሁት፣ ምን ሆነህ ነው? አብዛኛው እዚያው ያበቃል።

ልጁን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ «አብሽር» ብሎ ተመለሰ። የአክስቴን ልጅም ሌላ ጊዜ ሲሳደብ መከርኩት፤ ሲደግም ለሳምንት እንዳይጽፍ አገድኩት። እስካሁን ተቀይሞኛል። ሌላው ሰው ግን ማስጠንቀቂያዬን ከልብ መስማት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።